የአጭር ሞገድ ተንቀሳቃሽ ራዲዮ ታሪክና የአድማጩ ድርሻ

የራዲዮ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የአሠራጩ ጣቢያ ታሪክ ነው። ማሠራጫው መቼ ተተከለ፣ ኃይሉ ስንት ኪሎዋት ነበር፣ ማንስ መርቆ ከፈተው ለሚሉት ጥያቄዎች በየመዝገቡ መልስ ይገኛል። በሌላው ጫፍ፣ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ የነበረው መቀበያና ጣቢያ እየፈለገ ያዳምጥ የነበረው ሰው ግን ታሪክ እንደሌላቸው ተቆጥረው ቆይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት በመጠኑ ለማቃናት መሞከር ነው። ጉዳዩ የትዝታ ብቻ አይደለም፤ መቀበያዎቹ በየጓዳው እየዛጉ፣ እነርሱን መጠገን የሚችሉትም እጆች እየተመናመኑ በመሄዳቸው የሙያችን ጉዳይም ጭምር ነው።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ጣቢያ በአጭር ሞገድ ለውጭው ዓለም ንግግር አሰምተዋል። በዚያ ዘመን የነበሩት መቀበያዎች በቫልቭ የሚሠሩ፣ ከባድና ብዙ ኃይል የሚፈጁ በመሆናቸው ተራው ሕዝብ ሊገዛቸው ቀርቶ ሊያያቸውም የሚችልበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረም። መቀበያውን ተሸክሞ ለመጓዝ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ስመ ጥር የሆነው፣ የአሜሪካው ዜኒት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1942 ለገበያ ያቀረበው «ትራንስ ኦሽያኒክ» የተባለው ራዲዮ ነው። እርሱም ቢሆን ቫልቮቹን ለማሞቅና ለማሠራት ትልቅና ውድ ባትሪ ይፈልግ ነበር።

መሠረታዊው ለውጥ የመጣው በትራንዚስተር ነው። ባርዲንና ብራቴይን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ። በ1954 ባለ አራት ትራንዚስተሩ «ሪጀንሲ» ለገበያ ቀረበ፤ ይሁን እንጂ የሚቀበለው መካከለኛ ሞገድን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ዜኒት «ሮያል 1000» የተባለውን ባለ ትራንዚስተር ራዲዮ ሲያወጣ አጭር ሞገድ በተራ የባትሪ ድንጋይ የሚደመጥበት ዘመን ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የጀርመንና የጃፓን ፋብሪካዎች ተከታተሉ።

ይህ ለውጥ ለአገራችን የነበረው ትርጉም ከሌላው ሁሉ የላቀ ነበር። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን ከጣቢያው እምብዛም አይርቅም፤ የኤሌክትሪክ መሥመርም ከከተማ ብዙ አይወጣም ነበር። አጭር ሞገድ ግን ተራራና ሸለቆ ሳያግደው ከሰማይ ተመልሶ ይወርዳል፤ የባትሪ ድንጋይም ከገበያ በአህያ ጭነት ይደርሳል። በየካቲት 1955 ዓ.ም. በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ባለ 100 ኪሎዋት በሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ከአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። በመጋቢት 1957 ዓ.ም. የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭቱን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ የራሱን ጀመሩ። ብሥራተ ወንጌል በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ጣቢያው ስሙንና ባለቤቱን ሲለውጥ መቀበያው ግን ያው ነበር።

መቀበያው ባለቤቱን ዕውቀት ይጠይቀው ነበር። አጭር ሞገድ የሚባለው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርትስ ያለው ክልል ሲሆን፣ አዮኖስፌር የተባለው የከባቢ አየር ክፍል አጥፎ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ይህ ክፍል በፀሐይ ኃይል ስለሚለዋወጥ በቀን የ19 እና የ16 ሜትር፣ በሌሊት ደግሞ የ49 እና የ41 ሜትር ክልሎች ይመረጣሉ። ይህን ከመጽሐፍ ያልተማረ ገበሬ ወይም ነጋዴ «ሲመሽ ወደዚህ፣ ሲነጋ ወደዚያ» እያለ በልምድ ያውቀው ነበር።

የማመልከቻው ሰሌዳም እንዲሁ ነው። በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ብዙ ጣቢያዎች ስለሚታጨቁ ማዞሪያውን በፀጉር ስፋት ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ራዲዮዎች የሚመጣውን ምልክት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ 455 ኪሎኸርትስ የሚለውጡ በመሆናቸው አንድ ኃይለኛ ጣቢያ በሁለት ቦታ ይሰማል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ራዲዮ ለብዙ ዓመታት ይጠቀምበት በነበረው በ9.705 ሜጋኸርትስ የሚተላለፍ ድምፅ መርፌው 8.795 ላይ ሲቆምም ሊሰማ ይችላል። ልዩነቱ የ455 እጥፍ፣ ማለት 910 ኪሎኸርትስ ነው። ልምድ ያለው አድማጭ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው ጥላ እንደሆነ ይለያል። የደከመውን የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣውም በከንቱ አልነበረም፤ ሙቀቱ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካዊ ሂደት ለጥቂት ጊዜ ስለሚያፋጥነው የአንድ ምሽት ዜና ለመስማት ያበቃል።

ይሁን እንጂ የመቀበያው ዋና ባሕርይ ሌላ ነው፤ ይኸውም አድማጩ ማንነቱን ለማንም ሳያሳውቅ መስማት መቻሉ ነው። በደርግ ዘመን ብዙ ቤተሰብ መስኮት ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ከራዲዮው አስጠግቶ የውጭ ጣቢያዎችን ይሰማ እንደነበር በዕድሜ የገፉት ሁሉ የሚመሰክሩት ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣት በመንግሥት ራዲዮ ሲነገር፣ ሰው በዚያው መቀበያ ላይ መርፌውን ወደ ሌሎች ጣቢያዎች እያዞረ ዜናውን ሊያመሳክር ይችል ነበር። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን የሚያስችል ዝግጅት እየተደረገ መሆኑን በይፋ ሲናገሩም፣ የድሮው ራዲዮ ባለቤት መርፌውን ከሚያውከው ድምፅ ወደ ጎን ትንሽ ገፋ አድርጎ ለማምለጥ ይሞክር ነበር።

አጭር ሞገድ የእውነት ብቻ መንገድ ነበረ ማለት ግን አይደለም። ኃያላን መንግሥታት እርስ በርስ የሚወነጃጀሉበት መድረክም ነበር። ነገር ግን አንዱን ሰምቶ ሌላውን የሚጨምር አድማጭ፣ ከሁለቱ ወገን የጎደለውን ለመገመት ይለምዳል። ይህ ልማድ በመሣሪያው አማካይነት የተገኘ ትምህርት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ የጣቢያውን ቁጥር በመምታት የሚከፈት ተንቀሳቃሽ ራዲዮ አቀረበ፤ የመርፌውም ዘመን ማሽቆልቆል ጀመረ። ቀጥሎ ጣቢያዎቹ ራሳቸው መዘጋት ያዙ። ቢቢሲ በ2001 ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚያስተላልፈውን የአጭር ሞገድ ሥርጭት አቆመ፤ የኔዘርላንድስና የካናዳ ዓለም አቀፍ ራዲዮዎችም በ2012 ከአጭር ሞገድ ወጡ።

እንግዲህ በየቤቱ የቀረው መሣሪያ ምን ይሁን? በመጀመሪያ ያረጀ የባትሪ ድንጋይ በውስጡ መተው አይገባም፤ የሚያፈስሰው ፈሳሽ የመገናኛውን ብረት ይበላልና። ዝም ያለ ወይም ድምፁ የደከመ ራዲዮ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የደረቀ ኤሌክትሮሊቲክ ኮንደንሰር፣ ያደፈ የሞገድ መምረጫ ማብሪያ ወይም የተበጠሰ የመርፌ ክር ነው፤ ሦስቱም በመጠነኛ ወጪ ይታደሳሉ። የአማካይ ድግግሞሹን ጥቅልሎች ቡሎን ግን ያለ መለኪያ መሣሪያ ማዞር አይገባም፤ አንዴ ከተዛባ ጥቃቅን ጣቢያዎች ይጠፋሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸኩለው መሣሪያው ሳይሆን ዕውቀቱ ነው። ኮንደንሰር ዛሬም ይገዛል፤ በድምፅ ብቻ ጥፋቱን የሚለየው የቀድሞ የጥገና ባለሙያ ግን ሲያልፍ አይተካም። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦች በየቤታቸው ያለውን መቀበያ ከነሥዕላዊ ንድፉ እንዲመዘግቡ፣ አረጋውያኑንም የጥገና ባለሙያዎችና አድማጮች ጠይቀው የሰሙትን እንዲጽፉ ይገባል። የጣቢያዎቹን ታሪክ ሌሎች ጽፈውታል፤ የመቀበያውን ታሪክ ከእኛ በቀር የሚጽፈው የለም።