የመሬት ማዳበሪያና የኀይል ምንጭ

የአንድ አገር እህል በማሳ ላይ ብቻ የሚበቅል ይመስላል፤ ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ከባሕር ወደብ፥ ከጋዝ ጕድጓድና ከሩቅ አገር ሕግ ጋራ የተሳሰረ ሆኖ ይገኛል። በጅቡቲ ከተማ ሀራሙስ በተባለው ሠፈር የሚኖር ሰው ይህን ሊያስተውለው ይችላል። ከ2011 ጀምሮ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከኢትዮጵያ ወንዞች የሚመነጨው የኤሌክትሪክ ኀይል ወደዚያች ከተማ ይወርዳል፤ በአንጻሩ በጅቡቲ ወደብ የሚራገፈው ማዳበሪያ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይወጣል። ኀይል የሚሸጥ አገር በኀይል የሚሠራውን ዕቃ የሚገዛበት ምክንያት ምንድን ነው? ቢሉ፥ መልሱ በማዳበሪያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ናይትሮጂን በአየር ውስጥ ሞልቷል። ፋብሪካ ለተክል ምግብ ሊያደርገው ሲፈልግ ከሃይድሮጂን ጋራ አዋሕዶ አሞኒያ ያደርገዋል፤ ሃይድሮጂኑም ዛሬ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ፥ በቻይና ደግሞ በብዛት ከድንጋይ ከሰል ይወጣል። ስለዚህ ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያ ይወደዳል።

ይሁን እንጂ አሠራሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1905 በኖርዌይ አገር በኖቶደን ከፏፏቴ በተገኘ ኤሌክትሪክ አየርን በብልጭታ በማቃጠል ማዳበሪያ ተሠርቶ ነበር። ፍሪትዝ ሃበር የፈለሰፈው፥ ካርል ቦሽም ወደ ፋብሪካ ያሸጋገረው ዘዴ በ1913 በጀርመን አገር በኦፓው ሥራ ሲጀምር ግን ሃይድሮጂኑን ከከሰል አገኘ፤ ኀይልም ስለ ቈጠበ የፏፏቴውን ዘዴ ተካው። በዐባይ ወንዝ ላይም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1960 ሥራ የጀመረው የአስዋኑ የኪማ ፋብሪካ ከግድቡ በተገኘ ኤሌክትሪክ ከውሃ ሃይድሮጂን ያወጣ ነበር፤ በኋላ ግን እርሱም ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ። እንግዲህ ንጹሕ ኀይል አዲስ ግኝት ሳይሆን፥ በርካሽ ጋዝ ተሸንፎ የተተወ የቀድሞ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ ማዳበሪያ በገበሬው ዘንድ መታወቅ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው ካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ያድል ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ1973 የነዳጅ ቀውስ ደረሰና የማዳበሪያ ዋጋ ናረ። በ1998 ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2021 ጋዝ በአውሮፓ እጅግ ተወደደ፤ ቻይናም ማዳበሪያ ከአገሯ እንዳይወጣ ገደበች፤ በ2022 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ተጨመረበት። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ሲቀንሱ፥ ከዚያ ክርክር አንዳች የማያውቀው የጎጃም ገበሬ ዕዳውን ከፈለ።

በአገር ውስጥ ለመሥራት የተደረገው ሙከራም ከኀይል ጥያቄ አላመለጠም። በያዩ በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ ከድንጋይ ከሰል እንዲያወጣ የታሰበ ፋብሪካ ተጀምሮ ነበር፤ ሥራው ግን ተጓትቶ ሳይፈጸም ቀረ። ያዩ ዩኔስኮ በ2010 የመዘገበው የዱር ቡና ደን ያለበት ምድር ነው። ኢትዮጵያም በ2011 የአረንጓዴ ልማት ስልት አውጥታ ነበርና፥ ከሰሉና ስልቱ በአንድ ማዕድ ሊቀመጡ የሚችሉ አልነበሩም። የኦጋዴንን ጋዝ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ለማውረድ ሁለቱ መንግሥታት በ2019 ተስማሙ፤ ቧንቧው ግን አልተዘረጋም። በነሐሴ 2025 ደግሞ ይኸው ጋዝ በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲሆን ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ድርጅት ጋራ ውል ተፈረመ።

በዚህ መካከል የአውሮፓ ኅብረት ማዳበሪያን ጨምሮ አንዳንድ ዕቃዎች ወደ ግዛቱ ሲገቡ፥ በተሠሩ ጊዜ ስለ ወጣው ካርቦን ከ2026 ጀምሮ ክፍያ እንዲታሰብባቸው ደንግጓል። ከመቶ ዓመት በላይ ከሰልና ጋዝ ያነደዱ አገሮች ለድኻው ገበሬ ጋዝ አትንካ ሊሉት ፍርድ አይፈቅድላቸውም። ነገር ግን ጋዝ ያልቃል፥ ሕግም ይጠብቃል፤ ወንዝ ግን ከተጠበቀ ይኖራል። ስለዚህ የጎዴ ጋዝ መሻገሪያ ድልድይ ቢሆን እንጂ የመጨረሻ ማረፊያ ሊሆን አይገባውም። የኖቶደንንና የአስዋንን ታሪክ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚማር ልጅ፥ ነገ ውል በሚፈረምበት ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጠ ጊዜ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የኀይሉን ምንጭ አስቀድሞ ይጠይቃል።