የመቶ ቀን አጥሚት፤ ስለ ከንፈርና ላንቃ ስንጥቅ ሕክምና ታሪክ

በቻይና አገር የጂን ነገሥታት በሚገዙበት ዘመን፥ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ ዌይ ዮንግጂ የሚባል የድኻ ቤተ ሰብ ልጅ ነበረ። ከንፈሩ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ የተሰነጠቀ ነበረ፤ ነገር ግን ድኽነቱ ከትምህርት አላገደውም። 18 ዓመት በሆነው ጊዜ ዪን ጆንግካን የተባለው የጂንግጆው አገረ ገዢ ብልህ ሐኪም በቤቱ እንዳለው ሰማና፥ ለስንቅ የሚሆን ጥቂት ሩዝ ይዞ ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ ከገዢውም ደጅ ደረሰ። ገዢው የልጁን ቈራጥነት ወደደና ሐኪሙን አስጠራለት። ሐኪሙም ከንፈሩ ተቈርጦ ሊሰፋ እንደሚችል፥ ዳሩ ግን መቶ ቀን ሙሉ ሳይስቅና ሳይናገር አጥሚት ብቻ እየጠጣ መቈየት እንደሚገባው አስታወቀ። ወጣቱ ግማሽ ዕድሜውን እንኳ ዝም ቢል ሌላው ግማሽ ይተርፈዋልና መቶ ቀን ለእርሱ ምንም እንዳይደለ መለሰ።

ገዢው የተለየ ቤት ሰጠው፤ ሐኪሙም በደኅና እንዲያክመው አዘዘ፤ በዳነም ጊዜ ብዙ ስንቅ ሰጥቶ አሰናበተው። ያ ወጣት ኋላ በጦር ሜዳ ስሙ ተጠራ፤ በ404 ዓመተ ምሕረት (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እንጽፋለን) ዙፋኑን የቀማውን ሁዋን ሹዋንን ለመውጋት ከተነሡት አንዱ ሆነ። በመጨረሻም በእንግድነት በተቀመጠበት በዚያው አገር፥ በጂንግጆው፥ ገዢ ሆኖ ተሾመ። ይህ ሁሉ በ7ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው የጂን መንግሥት ታሪክ ይገኛል። የሰፋው የሐኪሙ ስም ግን አልተጻፈም።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ታሪክ የሚደነቀው ቢላዋውና መርፌው ብቻ አይደለም። ከንፈር መስፋት የአንድ ሰዓት ያህል ሥራ ነው፤ መቶውን ቀን፥ ቤቱንና አጥሚቱን የቻለው ማን ነው? ድኻ ከሐኪም ደጅ የሚቀረው የሐኪሙን ዋጋ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ መንገዱን፥ ማደሪያውንና ከእርሻው የሚጐድልበትን ቀን የሚችልለት ስላጣ ጭምር ነው እንጂ።

የሕፃን ፊት በማሕፀን ሳለ ከግራና ከቀኝ እየመጣ በመካከል ይገጥማል፤ ከንፈሩ ከ4ኛው እስከ 7ኛው፥ ላንቃው ከ6ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ነው። ሳይገጥም የቀረ እንደ ሆነ ስንጥቁ አብሮ ይወለዳል። ይህም በዓለም ላይ ከ700 እስከ 1000 በሚደርሱ ሕፃናት መካከል በአንዱ ላይ ይገኛል። በሜክሲኮ ነፍሰ ጡር ጨረቃ ስትጋረድ ብታይ ነው ይሉ ነበር፤ በአገራችንም እርግማን ነው እያሉ ልጁን ከሰው ዐይን የሚሸሽጉ አሉ። እንዲህ ለሚሉት፥ ከተወለደ ጀምሮ ዕውር ስለ ነበረው ሰው ደቀ መዛሙርት ምን እንደ ጠየቁና ምን እንደ ተመለሰላቸው የንስሓ አባታቸው ቢያስታውሳቸው መልካም ነው።

በኤውሮፓ አምብሯዝ ፓሬ የተባለው ስመ ጥር ፈረንሳዊ ሐኪም በ16ኛው መቶ ዓመት የከንፈሩን ሁለት ጠርዝ ካቈሰለ በኋላ መርፌ አሳልፎ፥ ፈትሉን በመርፌው ጫፍና ጫፍ እየጠመጠመ ያጋጥመው ነበር። ላንቃ ግን ለመርፌ አልተመቸም፤ ቀዳዳውን በወርቅ ወይም በብር ሰሌዳ ይደፍኑት ነበር። ይህም የባለጠጋ መድኀኒት መሆኑ ግልጥ ነው። ከላንቃው ለስላሳውን ክፍል ካርል ግሬፌ በ1816 በበርሊን ሰፋ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በፓሪስ የሆነው ነገር ጥቂት ቢያቈየን አይከፋም።

ጆን ስቲቨንሰን የሚባል ከሞንትሪያል የመጣ የካናዳ ተወላጅ ሕክምና ለመማር ፓሪስ ሳለ ፊሊቤር ሩ ከተባለው ሐኪም ጋራ ተገናኘ። ንግግሩ በአፍንጫው ስለሚወጣ ለመስማት ያስቸግር ነበር። ሩ በክፉ በሽታ ላንቃው የተበላ መስሎት ነበር፤ ስቲቨንሰን ግን ከልደት የመጣ መሆኑን ነገረው። በ1819 ሩ ላንቃውን ሰፋለት። ማደንዘዣ ገና ያልታወቀበት ዘመን ነበርና በሽተኛው በሙሉ አእምሮው አፉን ከፍቶ መርፌውን መታገሥ ነበረበት። በ1820 ስቲቨንሰን በኤዲንበርግ ለመመረቂያ የጻፈው መጽሐፍ ስለዚሁ ስለ ገዛ ላንቃው ነበረ። ወደ አገሩም ተመልሶ በ1823 ከሌሎች ሐኪሞች ጋራ የሞንትሪያልን የሕክምና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ይኸውም በ1829 የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆነ። እዚያም የሰውን አካል አሠራርና የቀዶ ሕክምናን ያስተምር ነበር። ንግግሩ የማይሰማ የነበረው ሰው እንጀራው ቆሞ መናገር ሆነ ማለት ነው።

ኤተር በ1846 ከታወቀ በኋላ ሥቃዩ ቀነሰ፤ ሕፃናትንም ማከም ተቻለ። ራልፍ ሚላርድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1950ዎቹ ዓመታት በኮርያ ከወታደሮች ጋራ ሳለ የአገሩን ልጆች ያክም ነበር። እርሱም ከስንጥቁ ላይ ሥጋው እንዳልጐደለ፥ ከስፍራው ብቻ እንደ ተፈናቀለ አስተዋለ፤ ስለዚህ አንዱን ወገን አዙሮ ሌላውን ወደ ፊት አምጥቶ የሚያጋጥምበትን ዘዴ አወጣ። በ1955 በስቶክሆልም ጉባኤ የገለጠው ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሙያው ከተገኘ በኋላ የቀረው ከድኻው ማድረስ ነበር። ከሜክሲኮ የመጣ አንድ ልጅ በስታንፎርድ ከንፈሩ ቢሰፋለት፥ ይህን ያየው ዶናልድ ላውብ በ1969 ሐኪሞች ወደ ድኻ አገር እየሄዱ የሚያክሙበትን ኢንተርፕላስት የተባለ ማኅበር አቋቋመ። በ1982 ደግሞ ሐኪሙ ዊልያም ማጊና ነርሷ ሚስቱ ካትሊን ከጓደኞቻቸው ጋራ ወደ ፊሊፒንስ፥ ወደ ናጋ ከተማ ሄደው 40 ያህል ልጆች አከሙ። የመጡት ቤተ ሰቦች ግን በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩና የሚበዙትን ሳያክሙ መለሱአቸው። ኦፕሬሽን ስማይል የሚባለው ማኅበር የተወለደው ከዚህ ኀዘን ነው።

በእኔ አስተያየት የእነዚህ መንገደኞች በጎነት አይካድም፤ ነገር ግን ሐኪሙ በሳምንት ከሄደ ስፌቱ የተፈታበትን ልጅ ማን ያየዋል? በ1999 የተመሠረተው ስማይል ትሬይን ይህን አስቦ ገንዘቡን በየአገሩ ተወላጅ ሐኪሞች ትምህርትና ሥራ ላይ አዋለ፤ በዚህም መንገድ የታከሙት ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በአዲስ አበባም በየካቲት 12 ሆስፒታል የአገራችን ሐኪሞች ይህን ሥራ ይሠራሉ። በ2001 በእንግሊዝ የተቋቋመው ፕሮጀክት ሐረር ደግሞ ልጆቹን በየገጠሩ ፈልጎ ወደ ከተማ የማድረስን ሥራ ያዘ፤ የጂንግጆው ገዢ ያደረገውን ማለት ነው።

ከሁሉ የዘገየው ንግግር ነው። ላንቃው ዘግይቶ የተሰፋ ልጅ ትንፋሹን በአፍንጫ ማስወጣት ለምዷልና ስፌቱ ቢድንም አንደበቱ ወዲያው አይቃናም። የንግግር መምህር ያስፈልገዋል፤ የዚህ ሙያ ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ ጥቂት ነው። ፊደል ሲቈጥር መ እና ነ አያስቸግሩትም፥ የአፍንጫ ድምፅ ናቸውና። በ፥ ደ፥ ተ፥ ሰ ግን ትንፋሹ በአፍ ውስጥ ታግዶ የሚወጡ ስለሆኑ፥ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ለብዙ ወራት ደጋግማ ታስጠናዋለች።