ሰልፋቸውን ከመሬት በታች የያዙ ተራሮች

ከሞጆ ወደ አዳማ የሚጓዝ መንገደኛ ከከተማዋ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው በነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ላይ ነው። ምሰሶዎቹ የተተከሉበት ሸንተረር ከሩቅ ተራራ ይመስላል፤ ነገር ግን ተራራ አይደለም። መሬቱ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ሲሰምጥ፣ ከፍ ብሎ የቀረ ጠርዝ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከዚያ ላይ የቆመ ሰው በምሥራቅ በኩል ከወለንጪቲ ባሻገር ቦሰትን፣ በደቡብ የአርሲውን ጭላሎ፣ በምዕራብ ደግሞ ከሜዳው ላይ ብቻውን ብድግ ያለውን ዝቋላን ያገኛል። እነዚህ ሁሉ እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ናቸው። ማን ከማን ጋር ይመደብ የሚለው ጥያቄ ግን ተመራማሪዎችን ከ40 ዓመት በላይ አድክሟል።

የቀድሞው አመዳደብ ቀላል ነበር። ተራራ ለአገሩ ስም ይሰጣል፤ አሰላን ያቀፈው የጭላሎ አውራጃ የተጠራው በተራራው ነው። የትምህርት ቤቱ ጂኦግራፊ በበኩሉ የአገሪቱን ከፍተኛ ቦታዎች ስምጥ ሸለቆው ለሁለት እንደከፈላቸው ያስተምራል፤ ስሜን፣ ጉናና ጮቄ በምዕራቡ፣ ጭላሎ፣ ካካና የባሌው ቱሉ ዲምቱ በደቡብ ምሥራቁ። በመሀል ያሉት ቦሰት፣ ፈንታሌና አሉቶ ግን «የስምጥ ሸለቆ ተራሮች» ተብለው በጅምላ ይታለፋሉ።

አውሮፓውያንም በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። የአልፕስን ተራሮች ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ኦስትሪያ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ሲከፋፍሉ ኖረው፣ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ማራዚ እ.ኤ.አ. በ2005 ሁሉንም ለማስታረቅ በ36 ክፍሎች የመደበ ሥራ አሳተመ። መለያው ሸለቆ፣ ወንዝና በር ነው። ይህ መለያ ለአዳማ አይሠራም። እዚህ ሸለቆው ራሱ የተራሮቹ መብቀያ ነውና።

መልሱ መምጣት የጀመረው ከአዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በኢየሱሳዊው ቄስ ፒየር ጉዌን የሚመራ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቋቋመ። እዚያው ያስተምሩ የነበሩት የጂኦሎጂ ሊቅ ፖል ሞር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስምጥ ሸለቆውን ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ወጣቶቹ ስንጥቆችና እሳተ ገሞራዎች በሸለቆው ወለል ሁሉ አልተበተኑም፤ በጠባብ መቀነት ላይ ተሰልፈዋል። መቀነቱንም «የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ» አሉት። ወንጂ በአገር ቤት የሚታወቀው ሆላንዳውያን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባቆሙት የስኳር ፋብሪካ ነው፤ በዓለም የጂኦሎጂ መጻሕፍት ግን በዚህ ቀበቶ ይጠራል።

ሰልፉን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በአዳማ ዙሪያ ገልባጭ መኪናዎች ለመንገድና ለብሎኬት ቀይ አሽ ሲጭኑ ይውላሉ። ቁፋሮው ግማሹን የበላው ጉብታ ሆዱ ይታያል፤ ቀዳዳ የበዛበት ቀይና ጥቁር ድንጋይ፣ ከአፉ ወደ ውጭ ያዘነበለ ንብርብር። አጠገቡ ሌላ ጉብታ፣ ቀጥሎም ሌላ። ከሥራቸው የሚያልፈው ስንጥቅ ወዴት እንደሚሄድ ጉብታዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

በአርሲ በኩል ያለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ጭላሎና ገለማ ጎን ለጎን ናቸው፤ የኦሮሚያ ክልል እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሲያቋቁምም «ጭላሎ–ገለማ» ብሎ በአንድ ክልል አዋህዷቸዋል። ለእንስሳትና ለደን ጥበቃ ይህ ትክክል ነው። በአፈጣጠር ግን ይለያያሉ፦ ጭላሎ በአንድ ማዕከል ዙሪያ የተከመረ ነጠላ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ገለማ ቅልጥ ዐለት በረጃጅም ስንጥቆች እየወጣ የገነባው 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም እውነተኛ ሰንሰለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎቹ ሲንቲያ ኤቢንገርና ማርቲን ኬሲ የወንጂን ቀበቶ በምድብ በምድብ ከፈሉት፤ እያንዳንዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 20 ያህል ስፋት አለው። ከአዳማ በስተደቡብ አሉቶ–ገደምሳ፣ በሰሜን ምሥራቅ ቦሰት–ኮኔ፣ ከዚያ አልፎ ፈንታሌ–ዶፋን። ሰልፉ አንድ ወጥ መስመር አይደለም፤ ወደ ሰሜን ሲኬድ አንዱ ሲያበቃ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ይጀምራል። አዳማ የተቆረቆረችው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምድቦች ቦታ በሚለዋወጡበት አካባቢ ነው። በጥር 2003 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች 1,000 ያህል የንዝረት መመዝገቢያዎችን ዘርግተው፣ ፈንጂ እያፈነዱ የምድሩን ውስጥ አዳመጡ። ከየምድቡ ሥር ከታች ገብቶ የጠጠረ ከባድ ዐለት ተገኘ። ምድቡ በካርታ ላይ የተሠመረ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት በሊቃውንት መደርደሪያ ብቻ መቅረት የለበትም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ በታኅሣሥና በጥር በርትቶ ከ5 በላይ ሲለካ፣ አዲስ አበባና አዳማ ድረስ ተሰምቷል፤ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቋል። ቅልጥ ዐለቱ ከመሬት በታች የተጓዘው ከፈንታሌ ወደ ዶፋን በምድቡ መስመር ነው፤ በታኅሣሥ 25 ቀን እንፋሎትና ጭቃ ሲፈነዳ የታየውም በዶፋን ነበር። ከመተሐራ አጠገብ የሚታየው ጥቁር፣ እንደ ባልጩት ጫማ የሚቆርጥ ድንጋይ ፈንታሌ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የተፋው ነው።

በሌላኛው ጫፍ፣ በባቱና በላንጋኖ መካከል ባለው አሉቶ፣ የወንጂ ስንጥቅ ለሥራ ውሏል። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ከተቆፈሩት 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያስመዘገቡት ሁለቱ፣ ስንጥቁ ተራራውን በሚያቋርጥበት በመሀሉ የሚገኙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው 7.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያም የተተከለው በዚሁ ተራራ ላይ ነው።