የተዘነጋ እርሾ እንዴት ይነሳል? ከጎንደር እስከ ያቭነ



በያቭነ፣ በገደራና በቂርያት መላኺ በሚኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ይኸውም «እርሾዬ ሞተብኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። በኡልፓን ትምህርት፣ በሥራ ፍለጋና በቢሮ ምልልስ መካከል ፍሪጅ ውስጥ የተረሳው ዕቃ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ሲከፈት ላዩ ጠቁሮ፣ ሽታው ከርሮ ይገኛል። ብዙ እናቶች ይደነግጣሉ። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ትተው ለመጡት ደግሞ ከአገር ቤት ጋር የቀረው አንድ ክር የተበጠሰ ይመስላቸዋል። ታሪካችንን ስንመረምር ግን እርሾ በቤተ እስራኤል ዘንድ በየዓመቱ እየተጣለ በየዓመቱ እንደገና የሚነሳ ነገር እንደነበረ እንረዳለን። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ እርሾ ምን እንደሆነ እንመልከት። የጤፍ ሊጥ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቢጫ ፈሳሽም ከላይ ይጠልላል። እናቶቻችን ከዚህ ፈሳሽ ጥቂት አስቀርተው ለሚቀጥለው ቡኮ ያደርጉታል። ሞገሴ አሸናፊ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ከአራት ቤቶች የተወሰደ እርሾ መርምረው፣ ኮምጣጣነቱ በፒኤች መለኪያ 3.5 ገደማ መሆኑንና ካንዲዳ ሚለሪ የተባለው ዘር በሁሉም ውስጥ አይሎ መገኘቱን ጽፈዋል። ይህ ኮምጣጣነት ብዙዎቹን አበላሽ ተሕዋስያን ያርቃል። ከዚህም ሌላ፣ ሊጥን የሚያቦኩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን በዱቄቱ ላይም ይገኛሉ። ስለዚህ ዱቄትና ውሃ ብቻ ተበጥብጦ ቢቀመጥ በቀናት ውስጥ ራሱ መቡካት ይጀምራል።

አያቶቻችን ይህን በጥናት ሳይሆን በፋሲካ ያውቁት ነበር። በጎንደር፣ በሰሜንና በወልቃይት መንደሮች ፋሲካ ሲቃረብ የቦካ ነገር ሁሉ ከቤት ይወጣ ነበር። ሊጡና ጠላው ብቻ ሳይሆን እርጎን የመሰለው የረጋ ወተት እንኳ አይቀርም። ያረጀውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው በአዲስ የሚተኩም ነበሩ፤ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ ስለነበሩ አዲሱን ዕቃ የሚሠሩትም ራሳቸው ነበሩ። ሰባት ቀን ቂጣ ተበልቶ በዓሉ ሲያልፍ እርሾ በመንደሩ ውስጥ ከማንም ቤት የለም። ከክርስቲያን ጎረቤት የተቦካ ነገር መቀበልም በንጽሕና ሕጋቸው የተከለከለ ነበር። ስለዚህ ዱቄትና ውሃ በጥብጦ እንደገና መጀመር የግድ ነበር። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውም በማሰሮው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሳይሆን፣ እርሾ የማስነሳት ዕውቀቱ ነበር።

ይህ ዕውቀት በስደት ጊዜ ጠቅሞናል። በ1984 በሱዳን በኩል በእግር የተጓዘው ሕዝብ ቡሃቃ ተሸክሞ አልመጣም። በግንቦት ወር 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ ደግሞ ቦታ ለማግኘት የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበር፤ በአንዱ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፍሯል። ከዚያም በሆቴሎች፣ በመርከዝ ክሊታና በካራቫን ሰፈሮች ሕይወት ተጀመረ። ጤፍ በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና እናቶች በስንዴ ዱቄት ሞከሩ፣ እርሾውንም ከባዶ አስነሱ። በ1990ዎቹ ልዩ የቤት ብድር፣ ማለትም ማሽካንታ፣ ሲፈቀድ ብዙ ቤተሰቦች ወደነዚህ ከተሞች ገቡ፤ እርሾውም አብሮ ገባ።

በዚያው ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ጎረቤቶቻችንም የራሳቸው እርሾ ነበራቸው። «የሻይ እንጉዳይ» የሚሉት ሲሆን ዛሬ በሱቅ ኮምቡቻ ተብሎ ይሸጣል። ስኳር በገባበት ሻይ ላይ በትልቅ ጠርሙስ፣ አፉ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ያድጋል። ላዩ ላይ የሚሠራው ወፍራም ቆዳ ዋናው ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሕይወቱ በኮምጣጣው ፈሳሽም ውስጥ አለ። ስለዚህ የተረሳ ኮምቡቻ ሻጋታ ካልያዘው፣ ከፈሳሹ አንድ ብርጭቆ ያህል በአንድ ሊትር በቀዘቀዘ ጣፋጭ ሻይ ላይ ቢጨመር እንደገና ይነሳል። የእኛም እርሾ ሕግ ይኸው ነው።

እንግዲህ የተዘነጋ እርሾ ያለው ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ በደንብ ይመልከተው። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ ካበቀለ ሁሉንም ይጣል፤ ላዩን ገፎ መጠቀም አይገባም። ሻጋታ ከሌለውና ሽታው እንደ ኮምጣጤ ብቻ ከሆነ ግን አልሞተም፣ ተርቧል። የጠቆረውን ፈሳሽ አፍስሱት። ከታች ካለው ሁለት ማንኪያ ወስዳችሁ በንጹሕ ዕቃ፣ በግማሽ ብርጭቆ ዱቄትና በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡት። በጨርቅ ሸፍናችሁ ከፍሪጅ ውጭ አቆዩት። በማግስቱ ግማሹን ጥላችሁ እንደገና ዱቄትና ውሃ ጨምሩ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አረፋ አውጥቶ ኩፍ ማለት ይጀምራል። የቧንቧውን ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል፤ በውስጡ ያለው ክሎር ይቀንሳልና። ከሱፐር የሚገዛውን ራሱ የሚነፋ ዱቄት አትጠቀሙ፤ ዱቄቱ ቤኪንግ ፓውደር ስላለበት እርሾው ሠራ አልሠራ መለየት አይቻልም።

የአየሩንም ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ያቭነ ግን ለባሕር ቅርብ የሆነች ቆላ ናት። በአገር ቤት ሦስት ቀን የሚፈልገው ቡኮ እዚህ በበጋ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። የብዙ አዲስ ገቢዎች ቡኮ ከመጠን በላይ የሚቆመጥጠው ሙያ ጠፍቶባቸው ሳይሆን ሙቀቱ ስለቀደማቸው ነው።

ስለ ፔሳሕም የሚጠይቁ አሉ። በረቢዎች ሕግ ሐሜጽ የሚሆኑት ስንዴና ገብስን ጨምሮ 5 እህሎች ሲሆኑ ጤፍ ከእነርሱ አይቆጠርም። ሆኖም የአባቶቻችን ልማድ የቦካውን ሁሉ ያስወግድ ነበር፤ ብዙዎቻችንም ጤፉን ከስንዴ ጋር እንቀላቅላለን። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቄሱን ወይም ራቢውን ይጠይቅ።

የምንኖርባት ያቭነም ለዚህ ነገር ምሳሌ ናት። ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱን ባፈረሱበት ዘመን፣ ራባን ዮሐናን ቤን ዘካይ ከሮማው አዛዥ የጠየቁት ያቭነና ሊቃውንቷ እንዲተርፉ እንደነበረ በታልሙድ ይተረካል። ብዙ ነገር ጠፍቶ ሳለ፣ በዚህች ከተማ በተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ትምህርቱ እንደገና ተነሳ።

ስለዚህ፣ ውድ እናቶችና አባቶች፣ እርሾ ሲጠፋባችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩም። በምታስነሱበት ጊዜ ግን ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አድርጉ፤ ዱቄቱን እነርሱ ይለኩ፣ አረፋውን እነርሱ ይዩ። እናቱ ስታቦካ ያላየ ልጅ ዕቃውን ቢወርስ አይጠቅመውም። ያየ ልጅ ግን ዕቃው ቢጠፋበትም በዱቄትና በውሃ ይጀምራል። የደረሰለትም እርሾ ያለው ሰው ከላዩ ቀንሶ ትናንት ለገባው ጎረቤቱ ያካፍል።