ባለ ሁለት አፈሙዝ ረሽ ጠመንጃ (ለወፍ አደን)

ባለ ሁለት አፈሙዝ ረሽ ጠመንጃ በአንድ ሰደፍ ላይ ሁለት ቱቦዎች የተገጠሙለት፣ በማጠፊያው ተሰብሮ ከኋላ ጥይት የሚጎርስ የአደን መሣሪያ ነው። ጥይቱ በነጠላ አረር ፈንታ ብዙ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎችን ስለሚይዝ በበረራ ላይ ያለን ወፍ ለመምታት ያገለግላል። ቱቦዎቹ ጎን ለጎን ወይም አንዱ ከሌላው በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 2ኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያና በአሜሪካ የተሠሩት የጎን ለጎን ጠመንጃዎች ዛሬ ለአደን ሲመረጡና ሲሻሻሉ ምን እንደሚታይ ይገልጻል።

አመጣጥ

በ1875 በበርሚንግሃም ከተማ በዌስትሊ ሪቻርድስ ድርጅት ይሠሩ የነበሩት አንሰንና ዲሊ፣ መዶሻው በውስጥ የተደበቀና ጠመንጃው ሲከፈት ራሱ የሚወጠር አሠራር ፈለሰፉ። ይህ አሠራር ቀላልና ጠንካራ ስለነበር በብዙ አገር ተቀዳ። የዚያ ዘመን ጠመንጃዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይተኩሳሉ።

የቱቦው ስፋት የሚነገረው በጌጅ ነው። ከአንድ ፓውንድ (454 ግራም) እርሳስ ልክ በቱቦው የሚያልፉ 12 እኩል ድቡልቡል አረሮች ከወጡ ጠመንጃው 12 ጌጅ ይባላል፤ ስፋቱም 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይጠባል፦ 20 ጌጅ 15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

የጥይት ማጉረሻው ርዝመት

አሮጌ ጠመንጃ ሲመረጥ ከውበቱም ከሠሪው ስምም በፊት የሚለካው ይህ ነው። የዛሬው የተለመደ ባለ 12 ጌጅ ጥይት 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ብዙዎቹ የቆዩ የብሪታንያ ጠመንጃዎች ማጉረሻ ግን 65 ሚሊ ሜትር ነው። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ የአሜሪካ 16 ጌጆችም እንዲሁ አጭር ማጉረሻ አላቸው።

አሳሳቹ ነገር ረጅሙ ጥይት በአጭሩ ማጉረሻ ውስጥ ያለ ችግር መግባቱ ነው። በጥይቱ ላይ የተጻፈው ርዝመት ከተተኮሰ በኋላ የሚኖረው ነው፤ ከመተኮሱ በፊት አፉ ታጥፎ የተዘጋ ስለሆነ ያጥራል። ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፍ ተዘርግቶ ቱቦው መጥበብ በሚጀምርበት አንገት ላይ ያርፋል፣ መውጫውን ያጠብባል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ጠመንጃው ስለተዘጋ ብቻ ጥይቱ ይስማማዋል ማለት አይደለም።

ቱቦው

እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ቱቦዎች የሚሠሩት የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎችን አጣምሞ፣ በእሳት ጠቅልሎና ቀጥቅጦ በማጣበቅ ነበር። የደማስቆ ቱቦ የሚባለው ይህ ነው፤ መልኩ እንደ ጥለት ያማረ ነው። አብዛኞቹ የታሰቡት ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ጭስ አልባውን ባሩድ እንደሚችሉ የተፈተኑም አሉ። በመልኩ ብቻ መለየት አይቻልም።

ለዚህ የሚረዳው የፍተሻ ማህተም ነው። የለንደኑ መፈተሻ ቤት ሥልጣን ከ1637 የንጉሥ ቻርተር የሚነሳ ሲሆን የበርሚንግሃሙ በ1813 ተቋቋመ። ሁለቱም ቱቦውን ከተለመደው በበለጠ ኃይል ተኩሰው ከቻለ ማህተም ያደርጉበታል። ማህተሙ ግን የሚናገረው ስለተፈተነበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ዝገት ለማጽዳት ቱቦው በውስጥ ተፍቆ ሊሆን ይችላል፤ ከተመዘገበው ስፋት በ0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ከሰፋ ፍተሻው እንዳለፈበት ይቆጠራል። በብሪታንያ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ መሸጥ በሕግ ያስቀጣል። በአሜሪካ የመንግሥት ፍተሻ ስለሌለ ገዢው የሚተማመነው በጠመንጃ ሠሪው ልኬት ነው። የቱቦው ግድግዳ በቀጭኑ ቦታ ከ0.5 ሚሊ ሜትር ካነሰ ባለሙያዎች በጥርጣሬ ያዩታል።

በእጅ የሚደረጉ ፍተሻዎችም አሉ። የተነቀሉት ቱቦዎች ተንጠልጥለው በጣት ሲመቱ እንደ ደወል ካላስተጋቡ፣ የሚያያይዛቸው ብየዳ ሳይላቀቅ አይቀርም። የእጅ መያዣው እንጨት ወልቆ ጠመንጃው ሲነቀነቅ ማጠፊያው የሚንገጫገጭ ከሆነም አልቋል ማለት ነው። እነዚህ መጥፎውን ለመጣል እንጂ ጥሩውን ለማጽደቅ አይበቁም።

ማሻሻል

ሊመለስ የሚችለው ለውጥ ከማይመለሰው ቢቀድም ይሻላል። ማጉረሻውን ወደ 70 ሚሊ ሜትር ማስረዘም የተለመደ ቢሆንም፣ ብረት የሚነሳው ግፊቱ ከሚበረታበት ስፍራ ነው፤ በብሪታንያም ጠመንጃው እንደገና መፈተን አለበት። ለአጭር ማጉረሻ የተሠራና ግፊቱ ዝቅ ያለ ጥይት መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ቾክ የሚባለው የአፈሙዙ ጥበት ፍሬዎቹ ቶሎ እንዳይበተኑ ያደርጋል። ሙሉ ቾክ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ40 ያርድ (37 ሜትር ገደማ) 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ 70 ከመቶ ያህሉን ፍሬ ያሳርፋል። እንደ ቆቅ ከእግር ሥር ለሚነሳ ወፍ ይህ በጣም ጠባብ ነው፤ ወይ ይሳታል፣ ወይ ሥጋው ይበላሻል። ዛሬ በጥይቱ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ኩባያ ፍሬዎቹን ይበልጥ ስለሚሰበስብ የድሮ ቾክ ከታሰበው በላይ ይጠብባል። ቾክ ማስፋት ይቻላል፤ የተወሰደው ብረት ግን አይመለስም። ስለዚህ በመጀመሪያ ወረቀት ላይ በተለያዩ ጥይቶች ተኩሶ ፍሬዎቹን መቁጠር ያስፈልጋል።

ሰደፉ ከዚህ ያላነሰ ዋጋ አለው። በረሽ ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ የለም፤ የተኳሹ ዓይን ነው ያንን የሚተካው። በድሮዎቹ የአሜሪካ ጠመንጃዎች የሰደፉ ጫፍ እጅግ ዝቅ ስለሚል ጉንጭ አያርፍበትም። ባለሙያ እንጨቱን በጋለ ዘይት አለስልሶ ያጎብጠዋል። ማጠር ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ በላዩ የሚጠለቅ የቆዳ ሽፋን ይበቃል።

የእርሳስ እገዳ

አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ፣ እንግሊዝ ከ1999 ጀምሮ ለዳክዬና ለመሰል የውኃ ወፎች አደን የእርሳስ ፍሬን ከልክለዋል። ምትኩ አረብ ብረት እንደ እርሳስ አይሟሽሽም፤ በቀጭንና በጠባብ ቾክ ሲያልፍ አፈሙዙን ሊያሳብጠው ይችላል። ለአሮጌ ቱቦ የሚስማማው ለስላሳው ቢስመዝ ነው፤ ዋጋው ግን ከእርሳስ በጣም ይወደዳል።