«የመጀመሪያው» ኮሚክ እና የጎንደር ግድግዳዎች

እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለው ኮሚክ መጽሐፍ ሲወጣ ዜናው የተሠራጨው «የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና» እየተባለ ነበር። አሳታሚው በስራት ደበበ ያቋቋመው ዕጣን ኮሚክስ ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ከሰው በላይ የሆነውን ኃይል የሚያገኘውም በዚሁ ፍለጋ መካከል ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተዘጋጀ። በዚያው ዓመት ዓለም ሁሉ «ብላክ ፓንተር» የተባለውን ፊልም እያየ ዋካንዳ ስለምትባል፣ በካርታ ላይ ስለሌለች የአፍሪካ አገር ያወራ ነበር። አዲስ አበባ ግን በካርታ ላይ አለች፤ ሥራ አጥ ተመራቂም ሞልቶባታል። ከጀምበር ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። የልዑል ልጅ ወይም ቢሊየነር ሳይሆን ዲግሪውን ይዞ በር የሚያንኳኳ ልጅ ጀግና ሆነ። ኮሚክ ነክቶ የማያውቅ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ እንኳ ይህን ሰው ያውቀዋል።

«የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። ካባ ለብሶ የሚበር፣ በአሜሪካኖቹ ልክ የተሰፋ ጀግና ከሆነ ነገሩ፣ ቃሉ ብዙ አያጣላም። ብዙ አንባቢ የሰማው ግን ከዚህ የሰፋ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና ጽሑፍ መንገር የጀመሩት ገና አሁን ነው የሚል። ይህኛው ስሕተት ነው።

ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የንግሥተ ሳባን ሥዕል ያላየ ሰው የለም። ሸራው በትንንሽ ካሬዎች ተከፍሎ በተለምዶ አርባ አራት ሥዕል ይይዛል። ዘንዶው ሲመለክ፣ ዘንዶው ሲገደል፣ ማክዳ ስትነግሥ፣ ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ወሬ ሲያመጣላት፣ ግመሎቹ ሲጫኑ፣ ቅመም የበዛበት ራት ሲቀርብ፣ በሌሊት ውኃ ሲጠማት፣ ቀዳማዊ ምኒልክ ሲወለድ፣ አባቱን ፍለጋ ሲሄድ። ንባቡ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይኛው ረድፍ ወደ ታችኛው ነው። ከእያንዳንዱ ካሬ ጋር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም በ«ሲ» እና በ«ስት» የሚሄድ ነው፤ «ስትሄድ»፣ «ሲቀበላት»። (አርባ አራት ቁጥር በጎንደር ጆሮ ሌላ ነገርም ያስታውሳል፤ አርባ አራቱን ታቦት። አማርኛ ይህን ቁጥር ሲወድ ጊዜ የለውም።) ካሬ፣ ቅደም ተከተል፣ በሥዕሉ ላይ የተጻፈ ቃል። ኮሚክ የሚባለው ነገር ሲፈታ ከዚህ የተለየ ብዙ አካል የለውም።

እነዚህን ሥዕሎች በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ለገበያ ያቀረቡት እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን ናቸው። የእጁ ሙያ ግን ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ደግሞ አንዱ ታላቅ ቤቱ ጎንደር ነበር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ቁልቁል ይመለከቱታል። ቱሪስቱ እነሱን ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። ታሪኩ ያለው ግን በግድግዳዎቹ ላይ ነው። የእመቤታችንና የጌታ ሕይወት፣ የቅዱሳንና የሰማዕታት ገድል በረድፍ በረድፍ ተሥሏል። አንዱ ትዕይንት ከሌላው የሚለየው በቀጭን መስመር ወይም በቀለም ለውጥ ነው። በጎንደር ዘመን ብራናዎች፣ በተለይ ሥዕል በበዛባቸው የተአምረ ማርያም ቅጂዎች፣ አንድ ተአምር በሁለትና በሦስት ትዕይንት ተከፍሎ ይነገራል። የግዕዙ መግለጫ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ዘከመ» ብሎ ነው፤ «እንዴት እንደ…» ማለት ነው። የሳባ ሥዕል «ሲ» እና «ስት» የዚህ «ዘከመ» የአማርኛ ልጆች ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመው የዓይን ሕግ ነው። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኖቹ ያያል። ኃጢአተኛው፣ ሰቃዩ፣ ሰይጣኑ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ማንበብ የማይችል ሰውም፣ ሕፃንም፣ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ለማወቅ ጠያቂ አያስፈልገውም። የአሜሪካ ኮሚክ ይህን ለመንገር በጭንብልና በልብስ ቀለም ይደክማል።

ለነገሩ እዚህ ላይ ልክ ማበጀት ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ኮሚክ አይደለም። ሥዕለ አድኅኖ ይሰገድለታል፣ ይጸለይበታል፤ ኮሚክ በታክሲ ውስጥ ተነብቦ ለጓደኛ ይዋሳል። ሁለቱን አንድ ማድረግ ለአማኙ ድፍረት፣ ለኮሚኩም ሸክም ነው። ዝምድናቸው የሥራው ስልት ላይ ብቻ ነው፤ ታሪክን በሥዕል ቅደም ተከተል የመንገር ስልት።

ጀምበርን «የፈረንጅ ቅጂ ነው» ብለው የሚያጣጥሉ ሰዎች ደግሞ የጎንደርን ታሪክ በደንብ ቢያዩት ይጠቅማቸው ነበር። ጎንደር ራሷ ቀድታለች። ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከአውሮፓ የታተሙ የሥዕል መጻሕፍት ይዘው ገብተው ነበር፤ የጀሮም ናዳል የወንጌል ሥዕሎች ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መግቢያ ሮም ውስጥ የታተመው ባለ ሥዕል የዓረብኛ ወንጌልም ለኢትዮጵያ ሠዓልያን መነሻ ሆኗል። ዐፄ ፋሲል ሚስዮናውያኑን አባረሩ። ሥዕሎቹ ግን ቀሩ። የአገሬው ሠዓሊ የአውሮፓውን ትዕይንት ወስዶ ጥላና ርቀቱን ጣለው፤ መስመሩን አጠራው፣ ጀርባውን በደማቅ ቀለም ሞላው፣ ፊቶቹን አዞረ፣ የዓይኑን ሕግ ጨመረበት። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ ሌላ ስልት መጣ፤ ፊት በጥላ መሞላት ጀመረ፣ ልብሱ የቤተ መንግሥቱን ሐር መሰለ። በናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በኋለኛው ዘመን ሥዕሎች የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ ታጥቆ ቀይ ባሕር ይሰጥማል። ከሮም ማተሚያ የወጣው ምስል መቶ ዓመት ሳይሞላው ሮም ራሷ የማታውቀው ነገር ሆነ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ስልት እያለ የ2018ቱ ኮሚክ ከኒውዮርክ የመጣ ለምን መሰለ? መልሱ ከፊሉ ዘረፋ ነው።

በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ፤ ብራናዎቿን መቅደላ አከማቹ። በ1860 እንግሊዞች መቅደላ ገቡና 350 ያህል ብራና ብሪቲሽ ሙዚየም ደረሰ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥትን በደብዳቤ ጠይቀው አንድ ቅጂ ተመለሰላቸው፤ የማክዳና የሰሎሞን ታሪክ ያለበትን መጽሐፍ ማለት ነው። በ1880 ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ጎንደሬ ያዳኗት ንቦች ናቸው ይላል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዩ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ጎንደር ገባ። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አወረደ፤ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ልዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተሰቀሉ። ኦሪጅናሉ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የጉዞውን ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1934 ስላሳተመ ነገሩ የተደበቀ አይደለም፤ ሙዚየሙም እ.ኤ.አ. በ2025 የዚያን ጉዞ ታሪክ እንደገና የሚመረምር ዐውደ ርእይ አሳይቷል። ከሮም ቀድቶ የራሱ ያደረገ ሠዓሊ ሥራ በፈረንሳዊ እጅ ተቀድቶ ቅጂው ለባለቤቱ ተሰጠ።

ሁሉን በዘረፋ ማላከክም አይቻልም። ማተሚያ ሲመጣ አማርኛ የመረጠው ፊደልን ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጣሊያን ሄዶ ሥዕል የተማረ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው ልብ ወለድ ግን የቃል ሥራ ነው፤ የአማርኛ ልብ ወለድም በዚያው መንገድ ሄደ። ሥዕሉ በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያን ቀረ፣ በሌላ በኩል የሳባ ሸራ ሆኖ ለውጭ ሰው ተሸጠ። ተረት በሥዕል የሚያነብ የአገር ውስጥ ገዢ አልተፈጠረለትም። ለዚህ ከእንግሊዝም ከደርቡሽም ይልቅ የራስን ቸልታ መጠየቅ ይሻላል።

ጀምበርም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከተለችው «ሃዊ»ም ገና ሚስዮናውያኑ መጻሕፍቱን ባስገቡበት ደረጃ ላይ ናቸው፤ ቅርጹ ገብቷል፣ አልተፈጨም። የሃዊ ባለታሪክ እመንት ለገሠ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የመጣች ወጣት ናት፤ እናቷ ስትታፈን ፍለጋ ትገባለች። ታሪኩ የዲያስፖራውን ልጅ ፍርሃት በትክክል ይነካል። ስምና ከተማው የእኛ ነው። የገጹ አከፋፈል፣ ኃይልን የማግኘቱ ቅደም ተከተል፣ ፊቶች እንደ ካሜራ የሚዞሩበት መንገድ ግን የአሜሪካ ነው። የዓይኑን ሕግ የሚጠቀም ኮሚክ ቢመጣ ወዳጅ መስሎ የቆየው ሰው በአንዱ ገጽ ፊቱን ወደ ጎን ሲያዞር አንባቢው ያለ አንድ ቃል ይደነግጣል። አማርኛው ራሱም ያልተነካ ዕድል አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት ካሬ ቢከፈል፣ ሰውዬው ገደለ ይሁን ማረ የሚታወቀው ቀጣዩ ካሬ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ይህን በቀላሉ አያደርገውም።

ለዚህ የሚሆን መማሪያ አልጠፋም። ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎች ብዙዎቹ በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀድተው በኢንተርኔት ተለቅቀዋል። በ1859 ከጎንደር የወጣን የብራና ገጽ ዛሬ አንድ የጎንደር ወጣት ሠዓሊ በስልኩ አጉልቶ፣ የ«ዘከመ»ን ቀለም ሳይቀር ማየት ይችላል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት እንደሆነው የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ካልተዘጋበት።