ወፏ ወርዳለች፤ አውሮፕላኑ ግን ይበራል

ሰሊጥ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው የሚፈልግ ሰብል ነው። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ገበሬው በየማለዳው ማሳው ውስጥ እየገባ ያያል። ቀድሞ ቢያጭድ ፍሬው አልሞላም፤ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ፍሬ መያዣው ደርቆ ይከፈትና የዓመት ልፋቱ መሬት ላይ ይረግፋል። ዛሬ ይታጨድ ወይስ ነገ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት የቅጠሉ ቢጫ መሆን፣ የግንዱ ቀለም፣ የሰማዩ ሁኔታና ከአባት የተወረሰ ልምድ ናቸው።

ይህን የሚመስል ጥያቄ ዛሬ በስልክ ላይም ይጠየቃል። ቀይ አውሮፕላን ይነሳል፤ ከሥሩ ቁጥር ይጨምራል፤ 1.20፣ 1.75፣ 2.40... ብር ያስያዘው ወጣት አውራ ጣቱን አዘጋጅቶ “ላውጣ ወይስ ልቆይ?” ይላል። ሳያወጣ አውሮፕላኑ ከጠፋ ብሩም አብሮ ጠፋ። ጨዋታው አቪዬተር ይባላል። ጥያቄው የሰሊጥ ገበሬውን ጥያቄ ይመስላል እንጂ አይደለም። ልዩነቱን ለማየት ከአውሮፕላኑ በፊት የነበረችውን ወፍ፣ ከወፏም በፊት የነበረውን ሳጥን ማወቅ ያስፈልጋል።

አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲመሠረት የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ የሚገኘው በየመጠጥ ቤቱ በቆመ፣ ሳንቲም በሚጎርስ ሳጥን ውስጥ ነበር። የሳጥኑ ባለቤት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አዲሱ ሰው ሳይማር እንዲጀምር፣ የጀመረው ደግሞ ቶሎ እንዲሞት። ቶሎ ካልሞተ ሁለተኛው ሳንቲም አይገባም። ዋናው ብልሃት ግን ሦስተኛው ነው፤ የሞተው ሰው ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ማመን አለበት። “ማሽኑ አታለለኝ” ካለ ትቶ ይሄዳል፤ “ትንሽ ብፈጥን ኖሮ” ካለ ኪሱን ይዳብሳል። የአታሪ መሥራች ኖላን ቡሽኔል ስሙ የሚነሳበት መርህ ይኸው ነው፦ ለመጀመር ቀላል፣ ለመራቀቅ ከባድ። ጆተኒ ቤት ደጃፍ ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ከሳጥን ጨዋታዎች ሁሉ ለዚህ መርህ የሚመቸው የመብረር ጨዋታ ነው። መውደቅን ማንም ለማንም አያስረዳም። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዴቪድ ማካንድለስ የተባለ እንግሊዛዊ የሠራው የሄሊኮፕተር ጨዋታ በዓለም ዙሪያ የቢሮ ሠራተኞችን ሥራ አስፈትቷል። የሚጫነው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሲጫኑት ትወጣለች፣ ሲለቁት ትወርዳለች፣ ግድግዳ ከነካች አበቃ።

ከዚያ ወፏ መጣች። ዶንግ ንጉየን በቬትናም ሃኖይ አጠገብ፣ በሐር ሽመና በምትታወቀው ቫን ፉክ ያደገ ወጣት ነው። ፍላፒ በርድን በጥቂት ቀናት ሠርቶ ግንቦት 2013 (እ.ኤ.አ.) አወጣት። ወራት ያህል ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። በጥር 2014 በድንገት በአሜሪካም በሌላውም ዓለም ከነፃ ጨዋታዎች አንደኛ ሆነች። ከ50 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወረደች። ሰውየው በማስታወቂያ ብቻ በቀን 50,000 ዶላር እንደሚያገኝ ለጋዜጠኛ ተናገረ።

ጨዋታዋ ይህች ናት፤ ወፍራም ቢጫ ወፍ፣ አረንጓዴ ቱቦዎች፣ በቱቦዎቹ መካከል ጠባብ ክፍተት። ስክሪኑን ሲነኩት ወፏ አንዴ ክንፏን ትመታለች፤ ካልነኩት ትወድቃለች። አንድ ቱቦ ማለፍ አንድ ነጥብ ነው። ጀማሪ ሦስተኛውን ሳያልፍ ይሞታል። ቀጣይ ደረጃ የለም፣ ታሪክ የለም። ሞቶ እንደገና ለመጀመር ግን አንድ ሰከንድ ይበቃል፤ ልክፍቱ ያለው እዚያች ሰከንድ ውስጥ ነው። ሰው ለመናደድ ጊዜ ሳያገኝ ጣቱ ቀድሞት እንደገና ይጀምራል።

የካቲት 8 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) ንጉየን ከ22 ሰዓት በኋላ ጨዋታውን ከገበያ እንደሚያነሳ በትዊተር አስታወቀ። አነሳውም። የሰበብ መላምት በረከተ። ቱቦዎቹ የማሪዮን ይመስላሉና ኒንቴንዶ ሊከሰው ነው ተባለ፤ ኒንቴንዶም አስተባበለ፣ ሰውየውም አስተባበለ። እሱ የሰጠው ምክንያት ቀላል ነበር፤ ጨዋታውን የሠራው ሰው ዘና ሲል ለጥቂት ደቂቃ እንዲጫወተው ነበር፣ ነገር ግን ሱስ ሆነ፣ መፍትሔው ማንሳት ብቻ ነው አለ። በኋላ ለአንድ መጽሔት የደረሱትን መልእክቶች አሳይቷል። አንዱ በትምህርት ቤቱ 13 ልጆች በጨዋታው ምክንያት ስልካቸውን እንደሰበሩ፣ ከዚያም ወዲህ መጫወት እንዳልተዉ ይጽፋል። ሥራውን ያጣም ነበረ፤ ከልጆቿ ጋር መነጋገር ያቆመች እናትም ነበረች።

ብዙዎች ዝና ፈልጎ ነው ብለው ሳቁበት። በእርግጥ ስልክ ላይ ቀድሞ የተጫነው አልጠፋም፤ የማስታወቂያው ገንዘብም ወዲያው አልነጠፈም። ቢሆንም በቀን 50,000 ዶላር የሚያስገባ በር በገዛ እጁ የዘጋ ነጋዴ በየዘመኑ አይገኝም። ልብ የሚባለው ነገር፣ ንጉየን በሩን የዘጋው የሰው ጊዜ ስለተበላ ብቻ መሆኑ ነው። ወፏ ከማንም ኪስ አምስት ሳንቲም አልወሰደችም። ከዚያም በላይ፣ ወፏ ሐቀኛ ነበረች፤ መቶ ጊዜ የሞከረ ሰው ከአንድ ጊዜው ሰው ይሻላል። እጅ ይለምዳል፣ ዓይን ይሰላል። ሰሊጥ ማሳ ውስጥ እንደሚያረጅ ገበሬ ማለት ነው።

አቪዬተርን የሠራው ስፕራይብ የተባለ የጆርጂያ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ገበያ ላይ አወጣው። ከወፏ መልኳን ወሰደ፤ አንድ ጣት፣ አንድ በራሪ ነገር፣ ፈጣን ሞት፣ ፈጣን ትንሣኤ። ጨምሮበት ከወፏ የጎደለውን አስገባ፤ ገንዘብ። ቀንሶበት ደግሞ የነበራትን አወጣ፤ ችሎታ። አውሮፕላኑ የሚጠፋበት ቁጥር የሚወሰነው ገና ሳይነሳ ነው። ተጫዋቹ የሚያየው በረራ ቀድሞ የተጻፈ መልስ በዝግታ ሲነበብ ነው። መቶ ጊዜ የተጫወተውና ዛሬ የጀመረው እኩል ናቸው። ግን ማንም እንደዚያ አይሰማውም! 1.90 ላይ ያወጣ ሰው አውሮፕላኑ 12 ሲደርስ እያየ “ትንሽ ብታገሥ” ይላል፤ የተበላው ደግሞ “ትንሽ ብፈጥን” ይላል። ያ የድሮው ሳጥን ብልሃት ነው፤ የዕድልን ሥራ የተጫዋቹ ጥፋት አስመስሎ መሸጥ።

ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ኩባንያውም አይደብቀውም። ከተያዘው ገንዘብ በአማካይ 97 በመቶው ለተጫዋቾች ይመለሳል ይላል። ደግ ይመስላል። ሁልጊዜ 2 እጥፍ ላይ ላውጣ የሚል ሰው ከ100 ዙር በ48 ወይም በ49ኙ ይሳካለታል ማለት ነው፤ የቀረው ለቤቱ። አሁን 100 ብር ይያዝና የተመለሰው ሁሉ እየተደገመ ይጫወትበት። ከ10 ዙር በኋላ በአማካይ 74 ብር፣ ከ50 ዙር በኋላ 22 ብር፣ ከ100 ዙር በኋላ 5 ብር ገደማ ይቀራል። ሎተሪ ከዚህ ያነሰ ነው የሚመልሰው፤ የሎተሪ ቆራጭ ግን ዕጣው እስኪወጣ ቀናትና ሳምንታት ይጠብቃል፣ በመካከሉ እንጀራውን ይበላል፣ ሥራውን ይሠራል። እዚህ ዙሩ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው። ገዳዩ ሦስት በመቶው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። በስክሪኑ ዳር ደግሞ የሌሎች ተጫዋቾች ስም እየሮጠ ያወጡት ጎልተው ይታያሉ፤ የከሰረው ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም።

ይህ ነገር አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም ያው ነው። ቆላውን የሚለየው የገንዘቡ አመጣጥ ነው። መተማ ዱሮም ገንዘብ የሚያልፍባት፣ ሁሉም ድርሻውን የሚቆርጥባት አገር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው ነጋዴ የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ሲመላለሱ እዚያው የሰፈሩት ተክሩሮች ሼሆቻቸው አንዴ ለኢትዮጵያ፣ አንዴ ለግብፅ ግብር ይገብሩ ነበር፤ ሁለት ጌታ፣ አንድ ኪስ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባትና ስማቸውን የሰጧት ከተማ ከዚያ ወዲህም የኬላ ከተማ ሆና ኖራለች።

የዛሬው ገንዘብ የሰሊጥ ነው። በየክረምቱ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ወጣቱ ለአረም፣ ከዚያም ለአጨዳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቆላ ይወርዳል፤ ቁጥሩ በመቶ ሺዎች የሚገመት ነው። ሜዳ ላይ ያድራል፤ ወባ አለ፣ ካላዛር አለ። ለዚህ ሁሉ የሚያገኘው ክፍያ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይመጣም። ሥራው ሲያልቅ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ተጠቅልሎ በአንድ ጊዜ እጁ ይገባል። በሬ ልግዛበት፣ ቆርቆሮ ልክደንበት ብሎ ያሰበው ሰው የዓመት ገንዘቡን ይዞ በመንገድ ላይ ነው።

ያን ገንዘብ ሲያደባበት የኖረው ብዙ ነው፤ አረቄ ቤቱ፣ ካርታ ዘርግቶ የሚጠብቀው ቁማርተኛ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ሽፍታ። ሽፍታን በጓደኛ ብዛት፣ ካርታን በመሸሽ ማምለጥ ይቻል ነበር። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ግን የአጨዳ ክፍያም ስልክ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ መወራረጃውም እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት የአንድ ጣት ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቤቲንግ ቤቶች ሲታሸጉ ብዙ ወላጅ እፎይ ብሎ ነበር። ቤት ይታሸጋል፤ ስልክ ግን በር የለውም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ወፏን የመሰለ ጨዋታ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ያለ ዳታም ይሠራል። አውሮፕላኑ ግን ያለ ኔትወርክ ከመሬት አይነሳም። በጦርነትና በመንገድ መዘጋት መካከል፣ ሐኪም ቤትና ባንክ ሲቸገር፣ ለወራት ያህል የቆላው ሞባይል ዳታ ከዚህ ቁማር ያረፈው በዚህ መንገድ ነበር። ማንም ለተጫዋቹ ብሎ አልዘጋውም፤ ሲከፈትም ማንም ለተጫዋቹ ብሎ አላሰበበትም።

ሕጉ ምን ይላል? ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የዕድል ጨዋታ ጠባቂ ሆኖ ኖሯል፤ የውርርድ ፈቃድም ሲሰጥ የኖረው እሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ ባሸነፈ ሰው ላይ 15 በመቶ ጣለ። ስለዚህ ከአሸናፊው መንግሥት ይቆርጣል፣ ከተሸናፊው ቤቱ ይወስዳል። የተክሩር ሼሆች ይህን አሠራር ቢያዩት ይገባቸው ነበር። ግብር የሚቆጥረው ያሸነፈውን ነው፤ በኅዳር ገንዘቡን ጨርሶ ለመሳፈሪያ የሚበደረው ልጅ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ወፏም ቢሆን በሰላም አላረፈችም። ንጉየን የንግድ ስሙን ሳይከላከል በመቅረቱ ሌሎች ወሰዱት፤ በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ፍላፒ በርድ ልትመለስ ነው ብለው አወጁ፤ ከጀርባውም የክሪፕቶ ገንዘብ ሽታ ነበረው። ከ2017 ጀምሮ ዝም ብሎ የነበረው ሰውዬ ያን ጊዜ በትዊተር ብቅ አለ። ከእነሱ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው፣ ለማንም ምንም እንዳልሸጠ፣ ክሪፕቶንም እንደማይደግፍ በጥቂት ቃላት ጽፎ ተመልሶ ዝም አለ።